በነጻ፣ ወጪ በመሸፈን፣ በልውውጥ ወይስ በሙሉ ክፍያ? ለተናጋሪዎችና ለአሰልጣኞች የንጽጽር መመሪያ

መድረክ ላይ በመናገር የሚተዳደር ሰው፣ አሰልጣኝም ይሁን አነቃቂ ተናጋሪ ወይም መድረክ መሪ፣ ከሚደርሱት ግብዣዎች ብዙዎቹ “በጀት የለንም” በሚል ይጀምራሉ። ጠሪው ትምህርት ቤት፣ ዕድር፣ ሰንበት ትምህርት ቤት፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ክበብ ወይም የወጣት ማዕከል ይሆናል። አንዳንዴ ደግሞ የሆቴል አዳራሽ ተከራይቶ፣ ለሳውንድና ለካሜራ ከፍሎ፣ ተናጋሪው ጋ ሲደርስ ብቻ “ለወጣቱ ሲባል” የሚል ድርጅት ነው። እምቢ ማለት ይሉኝታ ያስይዛል፤ ሁሉንም እሺ ያለ ሰው ደግሞ የቤት ኪራይ ቀን ሲደርስ ይጨንቀዋል።

ከዚህ በታች ያሉት አማራጮች ስድስት ናቸው። ከመጀመሪያው ልንናገረው የምንፈልገው ነገር ግን አንድ ነው፦ ነጻ አገልግሎት ወር ሳይገባ የተወሰነ መጠን ይኑረው። ዋጋ ለመጥራት ከማፈር የተነሳ በነጻ የሚሠራ ሰው ማኅበረሰቡንም በደንብ አያገለግልም፤ ሲደክመው ቀርቶ ይገላገላልና።

## መመዘኛዎቹ

ከእናንተ ሌላ ማን ይከፈለዋል? ለጠሪው አራት ነገር ጠይቁ፦ አዳራሹ፣ ሳውንዱ፣ ሻይ ቡናው፣ ካሜራው። አራቱም ተከፍሎባቸው ተናጋሪው ብቻ በነጻ ከተጠራ፣ ጉዳዩ በጎ አድራጎት ሳይሆን በጀት ሲሠራ የተረሳ መስመር ነው። አዳራሹ የትምህርት ቤቱ፣ ማይኩ የወረዳው፣ ቡናው እናቶች ያፈሉት ከሆነ ግን ሁሉም በነጻ የሚሠራበት ቦታ ነው፤ እዚያ መሄድ ያስከብራል። ከመመዘኛዎቹ ሁሉ ቶሎ የሚለየው ይኸኛው ነው፤ ጥያቄው ማንንም አያስቀይምም፣ መልሱም ወዲያው ይገኛል።

ስንት ሰዓት ይበላል? “ሰላሳ ደቂቃ ብቻ” የሚባለው ንግግር አዲስ ርዕስ ከሆነ በአማካይ እንዲህ ይሄዳል፦ ስልክና መልእክት 1 ሰዓት፣ ዝግጅት 4 ሰዓት፣ መንገድ 2 ሰዓት፣ የክብር እንግዳ መጠበቅ 1 ሰዓት ተኩል፣ ንግግሩ ግማሽ ሰዓት፣ ከዚያ በኋላ ፎቶና ጨዋታ 1 ሰዓት። ድምሩ 10 ሰዓት ነው። አስቀድሞ የተሰናዳ ንግግር ይዞ የሚሄድ ሰው ግን ወደ 6 ሰዓት ይወርድለታል።

ማን ያያል? ነጻውና የሚከፈለው ሥራ አንድ ታዳሚ ፊት ሲገናኙ ዋጋ ይወርዳል። ለባንክ የሰው ኃይል ክፍል የምትሸጡትን የጊዜ አጠቃቀም ሥልጠና፣ የዚያው ባንክ ሠራተኞች በሚታደሙበት የማኅበር ስብሰባ ላይ በነጻ ካቀረባችሁ፣ ቀጣዩ ድርድር ከዜሮ ይጀምራል። መፍትሔው ርዕሱን መለየት ነው፤ የሚሸጠው ለድርጅት፣ ነጻው ለተማሪና ለሰፈር።

ምን ይቀራል? ጥሩ ቪዲዮ፣ ማኅተም ያለው ደብዳቤ፣ ደግሞ የሚሠራ የንግግር ጽሑፍ። ጋቢና ካባ እዚህ አይቆጠሩም። ጋቢ መልበስ ደስ ይላል፤ ቁም ሣጥኑ በሞላ ጊዜ ግን ለቤት አከራይ አይሰጥም።

በሚቀጥለው ዓመት ምን ይጠበቃል? ሁለት ዓመት በተከታታይ በነጻ የተደረገ ነገር በሦስተኛው ልማድ ይሆናል። ስለዚህ ለማን ስንት ጊዜ እንደሆነ ከመጀመሪያው ቀን ይነገር።

## ወለል ዋጋችሁን ሳታውቁ አታወዳድሩ

አሠራሩን ለማሳየት ብቻ ቁጥር እናስገባ፤ እናንተ በራሳችሁ ቀይሩት። የቤት ወጪ በወር 40,000 ብር፣ የሥራ ወጪ ማለትም ትራንስፖርት፣ ኢንተርኔት፣ ኅትመትና ልብስ 8,000፣ ለግብርና ለክፉ ቀን የሚቀመጥ 7,000። ድምሩ 55,000 ብር ነው። በወር 5 የሚከፈልባቸው መድረኮች ከተገኙ የአንዱ ወለል ዋጋ 11,000 ብር ይሆናል። ከዚያ በታች መሥራት ከኪስ መክፈል ነው።

አሁን ቀኑን ቁጠሩ። በወር 22 የሥራ ቀን አለ እንበል። አንድ የሚከፈልበት መድረክ ከቅድመ ስብሰባውና ከዝግጅቱ ጋር 2 ቀን ተኩል ቢወስድ፣ አምስቱ 12 ቀን ተኩል ይበላሉ። ፕሮፎርማ መላክ፣ ደንበኛ ማፈላለግና ያለቀ ሥራ ክፍያ ማሳደድ 5 ቀን፤ ይህን ያሳነሰ ሰው የመንግሥት መሥሪያ ቤት ፋይናንስ ክፍል በር ላይ ቆሞ አያውቅም። የቀረው 4 ቀን ተኩል ነው። አዲስ ነጻ ንግግር አንድ ቀን ከሩብ ስለሚወስድ በወረቀት ላይ ሦስት ይገባል፤ አንዱ ፕሮግራም ስለሚዘገይ ወይም ጉንፋን ስለሚይዝ ግን ሁለት ላይ ቁሙ።

ሁለቱን ነጻ መድረኮች ወደ 6 ሰዓት ለማውረድ ሁለት ስንቅ ያዙ፦ ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች የሚሆን የ30 ደቂቃ ንግግር፣ ለዕድርና ለወላጅ ስብሰባ የሚሆን የ20 ደቂቃ። በየዓመቱ ነሐሴ ላይ ምሳሌዎቹን አድሱ፤ በዓመቱ መሀል አትነካኳቸው።

## አማራጭ 1፦ ሙሉ ነጻ

በትክክል ከተመረጠ ከሁሉም የጠራው አማራጭ ነው። ማንም ማንንም አያማም፣ ተናጋሪውም የፈለገውን ይናገራል። የሚበላሸው ግን በጣም በሚታወቅ መንገድ ነው። ፕሮግራሙ 3 ሰዓት ላይ ይጀመራል ይባላል፤ የክብር እንግዳው 4 ሰዓት ተኩል ይመጣል፤ የመክፈቻው ንግግር ይረዝማል፤ የባህል ውዝዋዜ ይገባል፤ እናንተ ማይክ ስትጨብጡ ምሳ ደርሶ “እባክዎ በ8 ደቂቃ” የምትል ብጣሽ ወረቀት ትመጣለች። ማንም ክፉ አስቦ አይደለም። ያልተከፈለበት ሰዓት በአዘጋጁ ዓይን ዋጋ ስለሌለው መጀመሪያ የሚቆረጠው እሱ ነው።

መከላከያው በነጻም ቢሆን ደብዳቤ መጠየቅ ነው። ደብዳቤው ላይ ቀኑ፣ የምትጀምሩበት ሰዓት፣ ቦታውን የምትለቁበት ሰዓት፣ የታዳሚው ቁጥርና ዕድሜ፣ ማይክና ፕሮጀክተር መኖሩ፣ በዕለቱ ስልክ የሚያነሳው ሰው ይጻፍ። ቦታችሁ ከመክፈቻው ንግግር ቀጥሎ እንዲሆን አስቀድማችሁ ተነጋገሩ፤ ከምሳ በፊት ያለው የመጨረሻ ሰዓት ወጥመድ ነው። የ8 ደቂቃ ቅጂም ቦርሳችሁ ውስጥ ይኑር፦ አንድ ጥያቄ፣ አንድ ታሪክ፣ ዛሬ ማታ የሚደረግ አንድ ነገር። የ30 ደቂቃውን በፍጥነት ለመጨረስ መሮጥ ከሁሉም የከፋ ነው።

ሌላው ችግር መሰረዝ ነው። የከፈለ ድርጅት ሲሰርዝ ይደውላል፤ ያልከፈለ ይረሳል። ከ48 ሰዓት በፊት የማረጋገጫ መልእክት ካልደረሰ እንደማትመጡ በደብዳቤው መልስ ላይ አስፍሩ።

ከሁሉም በላይ ዋጋውን ጻፉ። በመልስ ደብዳቤያችሁ ላይ “የአገልግሎቱ መደበኛ ክፍያ 11,000 ብር፤ ለማኅበረሰብ አገልግሎት የተደረገ ድጋፍ 11,000 ብር፤ የሚከፈል 0” ብላችሁ አስቀምጡ። ይህች አንድ መስመር የሚቀጥለውን ዓመት ድርድር ታድናለች። በደብዳቤ እንጂ በግብር ደረሰኝ ላይ ግን አይሁን፤ ያልተቀበላችሁትን ገንዘብ በደረሰኝ ከቆረጣችሁ የገቢ ማስረጃ ሆኖ ይጠብቃችኋል።

## አማራጭ 2፦ ወጪ ብቻ

ከከተማ ውጭ ሲሆን ይመረጣል። ሐዋሳ ከአዲስ አበባ 275 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ለአንድ ሰዓት ንግግር ሁለት ቀን ይሄዳል። ወጪው ቢሸፈንም ሁለቱ ቀናት የእናንተ ናቸው፤ በወር ኮታችሁ ላይ እንደ ሁለት ነጻ መድረክ ቁጠሩት።

ችግሩ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው፦ “እርስዎ ይክፈሉ፣ ደረሰኝ ሲያመጡ እናወራርዳለን።” ከዚያ ደረሰኙ ላይ የድርጅቱ ስም አልተጻፈም፣ የሆቴሉ ደረሰኝ ቀኑ አይነበብም፣ ፈራሚው መስክ ወጥቷል። ስለዚህ ትኬቱንና ሆቴሉን ጋባዡ በቀጥታ ይግዛ። በመኪናችሁ ከሄዳችሁ የነዳጁ ገንዘብ ከመነሳታችሁ በፊት በቴሌብር ወይም በባንክ ይግባ። አበል በድርጅቱ ተመን ከሆነ ተመኑን በብር ጠይቁ፤ “በመመሪያው መሠረት” የሚለው መልስ ብዙ ጊዜ ከምሳና ከራት አያልፍም።

አበልን ክፍያ አድርጎ ማሰብም ስህተት ነው። አበል ለመኝታና ለምግብ ነው፤ ቆጥበው ያተረፉት ነገር ገቢ መስሎ ይታያል እንጂ ወለሉን አይሞላም።

## አማራጭ 3፦ ልውውጥ

በገንዘብ ፈንታ ሌላ ነገር ይዞ መውጣት ነው፦ ቪዲዮ፣ ደብዳቤ፣ የመጽሐፍ መሸጫ ጠረጴዛ፣ የአየር ሰዓት። ቴድኤክስ የተባለው የአጫጭር ንግግሮች መድረክ በዓለም ዙሪያ ለተናጋሪዎቹ አይከፍልም፤ ንግግሩም ከ18 ደቂቃ አይበልጥም፤ የሚያገኙት ቪዲዮውን ነው። ቶስትማስተርስ የሚባሉት የንግግር ክበቦች ደግሞ የመለማመጃ ቦታ ናቸው። አባል መዋጮ ይከፍላል እንጂ ተናጋሪ አይከፈለውም፤ ከ5 እስከ 7 ደቂቃ ተናግሮ በጽሑፍ አስተያየት መቀበል ለጀማሪ ከብዙ ነጻ መድረክ ይበልጣል።

ልውውጥ የሚከሽፈው ሳይጻፍ ሲቀር ነው። “ቪዲዮ እንሰጥሃለን” ማለት ምን ማለት ነው? ያልተቆራረጠው ፋይል፣ ድምፁ ከሚክሰር የተቀዳ (ከካሜራው ማይክ የተቀዳ የአዳራሽ ድምፅ ለምንም አይሆንም)፣ በ14 ቀን ውስጥ፣ በራሳችሁ ገጽ ለማውጣት ከሚፈቅድ ቃል ጋር። ይህ ካልተጻፈ ቪዲዮው የቀረጻ ባለሙያው ኮምፒውተር ውስጥ ይቀራል።

ደብዳቤው ላይ ትንሽ እንቆይ፣ ብዙ ሰው ስለሚያጣው። ተቋማት ሥልጠና በጨረታ ሲያወጡ የመልካም ሥራ አፈጻጸም ማስረጃ ይጠይቃሉ። በፍሬም የተሰጠ የምስጋና ምስክር ወረቀት ግድግዳ ላይ ያምራል እንጂ በጨረታ ሰነድ ውስጥ እምብዛም ነጥብ አያስገኝም። የሚያስገኘው በድርጅቱ አርማ ወረቀት ላይ የተጻፈ፣ ቁጥርና ቀን ያለው፣ የሥልጠናው ርዕስ፣ ስንት ሰዓት እንደፈጀ፣ ስንት ሰው እንደሠለጠነ የሚገልጽ፣ የተፈረመና ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ ነው። ረቂቁን ራሳችሁ ጽፋችሁ ላኩላቸው፤ እነሱ አትመው ይፈርሙ። ከመድረኩ በፊት ካልተስማማችሁበት በኋላ ጸሐፊዋ ጋ አስር ጊዜ መደወል ይመጣል።

“ብዙ ሰው ያይሃል” የሚለውን ግን እንደ ክፍያ አትቀበሉት። የሚያዩት ሰዎች ሥልጠና የመግዛት ሥልጣን ያላቸው የሰው ኃይል ኃላፊዎች ከሆኑ ትርጉም አለው። አምስት መቶ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ማየት ያስደስታል፤ ግን በነጻ አገልግሎት ስም ይመዝገብ።

## አማራጭ 4፦ ቅናሽ

ብዙዎች መካከለኛ መንገድ ነው ብለው ይመርጡታል። እኛ ከሁሉም የከፋው ይኸኛው ነው እንላለን። ምክንያቱም ቅናሹ ፋይል ውስጥ ይገባል። በሚቀጥለው ዓመት ሥራውን የተረከበው አዲስ ሠራተኛ ፋይሉን ገልጦ “ባለፈው በ4,000 ብር ነው የሠራው” ይላል፤ ለምን በ4,000 እንደተሠራ ግን የትም አልተጻፈም። ለጎረቤት ድርጅትም ዋጋው ይነገራል። ከዚህም በላይ፣ ግማሽ የከፈለ ሰው ሙሉ ሥራ ይጠይቃል፤ ሙሉ ነጻ የወሰደ ግን ያመሰግናል።

ቅናሽ የግድ ከሆነ ዋጋውን ሳይሆን ሥራውን ቀንሱ። የሙሉ ቀን ሥልጠና ግማሽ ቀን ይሁን። የሠልጣኝ መመሪያ ኅትመቱ ይቅር ወይም ድርጅቱ ያትም። ለየብቻ ሊሰጥ የነበረው ሥልጠና በአንድ ቀን ጠዋትና ከሰዓት ለሁለት ቡድን ይሰጥ። የድኅረ ሥልጠና ሪፖርት ይቅር። እንዲህ ሲሆን የአንድ ሰዓት ዋጋችሁ አልተነካም፤ ፋይሉም የሚያሳየው ትንሽ ሥራ እንጂ ርካሽ ባለሙያ አይደለም።

## አማራጭ 5፦ ሌላ ይክፈል

ተጠቃሚው ትምህርት ቤት፣ ከፋዩ ባንክ ወይም ኩባንያ። ከሁሉም አማራጮች ተናጋሪውንም ማኅበረሰቡንም እኩል የሚጠቅመው ይኸኛው ሆኖ ሳለ በጣም ጥቂት ሰው ይጠቀምበታል፤ ሥራው ከመድረኩ በፊት ስለሚበዛ ይመስለናል።

አካሄዱ እንዲህ ነው። ትምህርት ቤቱ ጥያቄውን በደብዳቤ ለድርጅቱ ያቀርባል፤ እናንተ የአንድ ገጽ ቢጋር (የሥራውን ዓላማና ይዘት የሚገልጽ ሰነድ) እና ፕሮፎርማ ታያይዛላችሁ፤ ድርጅቱ ክፍያውን በቀጥታ ለእናንተ ይፈጽማል፤ በመድረኩ ላይ ስሙ አንድ ጊዜ ይጠራል። የድርጅቱን ምርት ለተማሪ አታስተዋውቁ፤ ይህን ከመጀመሪያው ጻፉት። የቢራ ስፖንሰር ይዞ ትምህርት ቤት መግባት ደግሞ አይታሰብ።

ጊዜው ወሳኝ ነው። የመንግሥት በጀት ዓመት ሐምሌ 1 ጀምሮ ሰኔ 30 ይዘጋል፤ ብዙ የአገር ውስጥ ተቋማትም በዚሁ ይሄዳሉ። ግንቦትና ሰኔ ላይ ያልተነካ የሥልጠና በጀት ሳይዘጋ ለመጠቀም ስለሚፈለግ ስልክ ይበዛል፤ ለስፖንሰር ጥያቄ ግን ሐምሌና ነሐሴ ላይ አስገብቶ ለኅዳር መድረክ መዘጋጀት ይሻላል። ከጥያቄ እስከ ክፍያ ሁለት ሦስት ወር ይሄዳል ብላችሁ አስቡ።

መንግሥታዊ ያልሆኑ ድርጅቶች “በጀት የለንም” ሲሉ አንድ ነገር ጠይቁ። የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ 1113/2011 የአስተዳደር ወጪን ከገቢው 20 በመቶ እንዳያልፍ ይገድባል። የለም የተባለው ብዙ ጊዜ በአስተዳደር መስመር የለም ማለት ነው፤ ሥልጠናው ከፕሮጀክቱ ዓላማ ጋር ከተያያዘ በፕሮግራም ወጪ ሊገባ ይችላል። ጥያቄውን ለፕሮጀክት አስተባባሪው እንጂ ለፋይናንሱ አታቅርቡ።

## አማራጭ 6፦ ሙሉ ክፍያ ተቀብሎ መስጠት

ሁሉንም በሙሉ ዋጋ ሠርቶ ከገቢው የተወሰነ እጅ ለመረጡት ጉዳይ ማዋል። ጊዜ ለሌለውና ስሙ ለታወቀ ሰው ይሠራል። ድክመቱ ተናጋሪውን ከሰፈሩ ማራቁ ነው፤ ዕድሩ የሚፈልገው ገንዘቡን ሳይሆን ሰውየውን ከሆነ ብር መላክ አይመልስለትም።

## ጎን ለጎን

| አማራጭ | ለማን ይሆናል | የሚቀረው | ዋናው አደጋ | በወር ስንት |
|---|---|---|---|---|
| ሙሉ ነጻ | ሁሉም በነጻ ለሚሠራበት ቦታ | ክብርና የተፈተነ ንግግር | መዘግየት፣ መሰረዝ፣ ልማድ መሆን | እስከ 2 |
| ወጪ ብቻ | ከከተማ ውጭ ላለ ማኅበረሰብ | አዲስ አካባቢ ማወቅ | ያልተወራረደ ወጪ፣ የጠፉ ቀናት | በሁለት ወር 1 |
| ልውውጥ | ለጀማሪና ለጨረታ ተዘጋጅ | ቪዲዮ፣ ማኅተም ያለው ደብዳቤ | ያልተጻፈ ቃል | ማስረጃው እስኪሟላ ብቻ |
| ቅናሽ | ሥራው ሲቀንስ ብቻ | ትንሽ ገቢ | ዋጋው ፋይል ውስጥ መቅረቱ | ቢቻል 0 |
| ሌላ ይክፈል | ለትምህርት ቤትና ለወጣት ማዕከል | ሙሉ ክፍያና አገልግሎት | ረጅም ጥበቃ | የቻሉትን ያህል |
| ሙሉ ክፍያ ተቀብሎ መስጠት | ለታወቀና ጊዜ ለሌለው | ነጻ ሰዓት | ከሰው መራቅ | በፈቃድ |

## ኮታውን በዓመት ውስጥ እንዴት ማከፋፈል

በየወሩ ሁለት ማለት ቀላል ነው፤ ግን ግብዣው በየወሩ እኩል አይመጣም። ኅዳር 22 የዓለም የኤድስ ቀን፣ የካቲት 29 የሴቶች ቀን፣ ሰኔ 9 የአፍሪካ ሕፃናት ቀን ሲቃረቡ ስልክ ይበዛል። መድረክ መሪዎች ደግሞ በዐቢይ ጾም ሰርግ ስለማይኖር ለ55 ቀን ይቀዘቅዛሉ፤ ነጻውን ሥራ ወደዚያ ማዞር ለእነሱ ብልህነት ነው። ጥርንና ከፋሲካ ቀጥሎ ያሉትን ሳምንታት ግን ለሚከፈለው ይተዉ።

አንዳንዶች “ነጻ የምሠራው ክረምት ብቻ ነው” ይላሉ። ለክረምት በጎ ፈቃድ ፕሮግራሞች ይሆናል፤ ትምህርት ቤት ግን ክረምት ላይ ዝግ ነው።

ሦስተኛው መንገድ አንድ ተቋም መርጦ ዓመቱን ሙሉ እሱን መያዝ ነው። አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት፣ በሴሚስተር አራት ጊዜ፣ ያው ተማሪዎች። ለእኛ ከሁሉም የሚያሳምነን ይህ ነው። ሃያ ቦታ አንድ አንድ ጊዜ ከመናገር፣ ያው ልጆች ጋ ተመልሶ ባለፈው የተባለው ምን እንደሆነ መጠየቅ ለውጡን ያሳያል። ለሌላው ጠያቂም “የዘንድሮው ትምህርት ቤቴ ተይዟል” ማለት እውነትም ጨዋነትም አለው።

የእምነት ቤት አገልግሎት ከዚህ ሁሉ ስሌት ውጭ ይሁን። ቤተ ክርስቲያንም ሆነ መስጊድ የምታገለግሉት ለበረከት ነው፤ ሰዓቱን ከኮታው ጋር አታዳብሉት፣ ቢዝነስ ካርድም እዚያ አታድሉ። ምዕመኑ መካከል ያለ ሥራ አስኪያጅ ሊቀጥራችሁ ከፈለገ በሥራ ቀን ይደውላል። ግቢው ውስጥ ዋጋ ከተጠራ ግን አገልግሎቱም ሥራውም ይደፈርሳል።

## የሚከፈለው ሥራ ላይ የሚረሳ ነገር

ነጻውን የሚሸከመው የሚከፈለው ሥራ ስለሆነ በዚያ በኩል ገንዘብ አይፍሰስ። ድርጅቶች ለአገልግሎት ሲከፍሉ ቅድመ ግብር ቆርጠው ያስቀራሉ። በገቢ ግብር አዋጅ 979/2008 ቲን (የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር) ካላቀረበ ሰው ላይ የሚቆረጠው 30 በመቶ ነው፤ ከ11,000 ብር 3,300 ሄደ ማለት ነው። ቲን ያለው ሰው የሚቆረጥበት ጥቂት በመቶ ሲሆን፣ የቅድመ ግብር ደረሰኙን ካስቀመጠ በዓመቱ መጨረሻ ከግብሩ ላይ ይታሰብለታል። ደረሰኙን ያልተቀበለ ሁለት ጊዜ ይከፍላል። የተጨማሪ እሴት ታክስ ተመዝጋቢ ከሆናችሁ ፕሮፎርማው ላይ ዋጋው 15 በመቶውን ይጨምር አይጨምር በግልጽ ጻፉ፤ ካልጻፋችሁ ድርጅቱ “ተካቷል” ብሎ ይይዘዋል።

## እንደየሁኔታው

ገና ለጀመረ። ለመጀመሪያዎቹ ስድስት ወራት ልውውጥ ያመዝን። ግቡ ሦስት ማኅተም ያላቸው ደብዳቤዎችና አንድ ድምፁ ጥርት ያለ የ5 ደቂቃ ቪዲዮ ነው። እነዚህ በእጅ ከገቡ በኋላ በልውውጥ መቀጠል ዋጋ መጥራትን ማሸሽ ነው።

ተቀጥሮ በጎን ለሚናገር። የእናንተ ገደብ ብር ሳይሆን ፈቃድ ነው። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ 1156/2011 የመጀመሪያ ዓመት ሠራተኛ የዓመት ፈቃዱ 16 የሥራ ቀን ነው፤ በየሁለት ተጨማሪ ዓመት አንድ ቀን ይጨምራል። በሥራ ቀን የሚደረግ አንድ ነጻ መድረክ ከዚያ ይቆረጣል። ነጻውን ቅዳሜና እሁድ ብቻ፣ የሚከፈለውን በፈቃድ ቀን አድርጉ።

ሙሉ ጊዜውን ለያዘ። በወር ሁለት ነጻ፣ ቅናሽ ምንም፣ በዓመት ቢያንስ ሁለት “ሌላ ይክፈል”። ገቢው በተከታታይ ሁለት ወር ከወለሉ ከወረደ ነጻውን ወደ አንድ ዝቅ አድርጉት፤ የያዛችሁትን ትምህርት ቤት ግን አትልቀቁ።

አሜሪካ ላለ። ለበጎ አድራጎት ድርጅት በነጻ የተናገራችሁበት ሰዓት ዋጋ ከግብር ላይ አይቀነስም፤ የሚቀነሰው ከኪስ የወጣ ወጪና በመኪና ለተጓዛችሁበት በማይል 14 ሳንቲም ነው። ስለዚህ ኮሙኒቲው “ከታክስ ትቀንሰዋለህ” ቢላችሁ አትመኑ። የተቀበላችሁት ምስጋና ክፍያ ግን ገቢ ነው፤ ራሱን ችሎ ከሚሠራ ሰው የተጣራ ገቢ ላይ የሚታሰበው 15.3 በመቶ ከመደበኛው የገቢ ግብር በላይ ይመጣል።

ከኢትዮጵያ በጉብኝት ቪዛ ለሚጋበዝ። በአሜሪካ ሕግ ለአካዳሚክ ሥራ የምስጋና ክፍያ መቀበል የሚፈቀደው በአንድ ተቋም ከ9 ቀን ሳይበልጥ፣ በስድስት ወር ውስጥ ከ5 ተቋማት ሳያልፍ፣ ያውም ከዩኒቨርሲቲዎች፣ ከእነሱ ጋር ከተያያዙ ድርጅቶችና ለትርፍ ካልተቋቋሙ ወይም ከመንግሥት የምርምር ተቋማት ነው። የማኅበር ወይም የአዳራሽ መድረክ በዚህ አይሸፈንም።

## እምቢ የሚባልበት ቃል

የዕድሩ ጸሐፊ ሽማግሌ ናቸው እንበል፤ ኮታው ሞልቷል። “ጋሼ፣ ስላሰቡኝ እግዜር ይስጥልኝ። የዚህ ወር ሁለቱ ነጻ መድረኮቼ ተይዘዋል። ጥቅምት 15 ከሰዓት ለዕድሩ ይመቻል? ካልተመቸ በዚሁ ርዕስ የሚናገር ጎበዝ ልጅ አውቃለሁ፣ ቁጥሩን ልላክልዎ።” ምክንያት ደርድሮ ይቅርታ ማብዛት አያስፈልግም፤ ቀን መስጠት ከይቅርታ ይበልጣል።

ለድርጅት ሰው ደግሞ፦ “ለአንድ ሰዓት ንግግር ክፍያው 11,000 ብር ነው፣ ግማሹ ቀኑ ሲያዝ ይገባል። በጀቱ ካልደረሰ በሦስት መንገድ ላሳንሰው እችላለሁ፦ በኦንላይን ማድረግ፣ ወደ 30 ደቂቃ ማሳጠር፣ ወይም ስፖንሰር ለመጠየቅ ቢጋሩን ማዘጋጀት።” ከዚህ በኋላ ዝም በሉ። ዝምታውን ለመሙላት ተብሎ የሚጠራው ሁለተኛ ዋጋ ሁልጊዜ ከመጀመሪያው ያነሰ ነው።